የእትዬ ሉባባ መቀነት

በአንድ ወቅት፣ አያቶቻችን ባልደረሱበት እኛ ግን በደረስንበት ወቅት፣ ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሉባባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ከመካከላችሁ አንዱ እዚያ አክስት አይጠፋውም፤ አክስት ያለው ሰው ደግሞ ፍርዱ ያጋድላል። እኔ የማያጋድል ፍርድ ስፈልግ ኖሬ እስካሁን አላገኘሁም።

ሉባባ አራት ልጆች ወልዳ አሳድጋለች። ታላቋ አንሻ ባል አግብታ ከእናቷ ግቢ አጠገብ ትኖራለች። ተከታዩ ሙህዲን በከተማው ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። የመጨረሻው ኑርዬ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግናል። በሙህዲንና በኑርዬ መካከል የተወለደው ይማም ግን አገር ውስጥ የለም። በጅቡቲ በኩል አድርጎ ወደ ሳዑዲ ወጥቷል። ባሕሩ ዳር ሲደርስ ለእናቱ ደውሎ፣ «እማዬ፣ ነገ በጀልባ ልንሻገር ነው። እንደተሻገርኩ እደውልልሻለሁ፤ ስልክሽን እንዳትዘጊው» አላት።

አልዘጋችውም። ዓመታት አለፉ፤ ሉባባ ያቺን ስልክ አንድ ቀን እንኳ ከገላዋ አላራቀቻትም።

ሉባባ የምትሠራው ወፍጮ ቤት ነው። እህል ታበጥራለች፣ ዱቄት ትጠርጋለች። ወፍጮው ሲዞር ጆሮ ሥር ቢጮኹ አይሰማም። ስለዚህ ኑርዬን «ድምፁን ተወውና የሚንቀጠቀጠውን አድርግልኝ» አለችው። እንዳለችው አደረገላት። ከዚያ ስልኳን በቀሚሷ ደረት ከግራ ጡቷ በላይ ታስገባና እንዳትወርድ መቀነቷን ከወትሮው ከፍ አድርጋ ጠበቅ ታደርጋለች። ስልኩ ከተንቀጠቀጠ ሥጋዋ ይነግራታል። ማታም እንዲሁ ታቅፋው ትተኛለች። አራስ ልጅ እንኳ እንዲህ አይታቀፍም።

ስለ መቀነቱ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ ክርክሩ ያለው እሱ ላይ ነው። በዚያች ከተማ እናት ስትሞት ቤቱን፣ መሬቱን፣ ከብቱን ሸሪዓው ለልጆቿ ያከፋፍላል። መቀነቷ ግን ውርስ ውስጥ አይገባም። በሰደቃዋ ቀን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለአንድ ልጅ ይሰጡታል፤ እናቱን በቁሟ ለጦራት፣ በጭንቋ ቀን ለደረሰላት ልጅ። መቀነት የደረሰው ልጅ በሰፈሩ የትም ቦታ «የእናቱ ልጅ» ተብሎ ይከበራል። ያልደረሰውን ማንም አይሰድበውም። ዝም ይሉታል፤ ዝምታው ግን እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ይከተለዋል።

በእነዚያው ዓመታት ከከተማዋ በላይ ካለው ጋራ ላይ የኔትወርክ ማማ ተተከለ። መጀመሪያ ሰዉ እልል አለ። ቆይቶ ደግሞ ወሬው ተገለበጠ። የአንዱ ንብ ከቀፎው ወጥቶ ጠፋ፤ ማማው ነው ተባለ። የሌላው ላም አስወረደች፤ ጨረሩ ነው ተባለ። አንዱ ጎረምሳ ፈተና ወደቀ፤ እናቱ ጣቷን ወደ ጋራው ቀሰረች። ስልክ አንጎል እንደሚያቀልጥ የሚናገር ቪዲዮ ሲወጣ ጎረቤት ለጎረቤት በስልኩ ተላላከው። አይቶ ሲጨርስ ያንኑ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ «አየኸው ወይ?» እያለ ይደውላል። ወገኖቼ ናቸውና አልስቅባቸውም፤ ትንሽ ብቻ ነው የምስቀው።

ታዲያ አንድ ቀን ሉባባ ገላዋን ስትታጠብ ከግራ ጡቷ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ጓጉላ አገኘች። ስልኩ የሚተኛበት ቦታ ነው። አያምም። እሷም ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትናገር? ጡት ነዋ! የአገራችን ሴት ቁርጥማቷን ለመንደሩ ታወራለች፣ ጡቷን ግን ለራሷም በሹክሹክታ ነው የምትነግረው። ሌላም ፍርሃት ነበረባት፤ ከተናገረች ስልኳን ይወስዱባታል።

ቢጨንቃት ወደ ተማረው ልጇ ወደ ሙህዲን ሄደች። የተማሪ ፈተና እያረመ አገኘችው።

«ሙህዲን፣ ይኼ ሰው የሚያወራው የስልክ ጨረር፣ ጡት ላይ ነገር ያመጣል እንዴ?»

ሙህዲን ብዕሩን አስቀምጦ አስረዳት። ደግ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም። ስልክ የሚልከው ሞገድ የራጅ መሣሪያ ዓይነት ጨረር እንዳልሆነ፣ ሥጋን የሚሰብርበት ጉልበት እንደሌለው፣ ቢበዛ ቆዳን ትንሽ እንደሚያሞቅ ነገራት። «ሊቃውንት ዛሬም እያጠኑት ነው። ሁሉም ነገር ታውቋል አይባልም። ግን ስልክ ጡት ላይ በሽታ እንደሚያመጣ እስካሁን ማስረጃ አልተገኘም። ምንም አትስጊ እማዬ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ቃል በቃል ብትመረምሩት ስሕተት አታገኙበትም። ሉባባም መርቃው፣ ደረቷ ቀልሎላት ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች። ስልኩ ምንም ካላደረገ ጓጉላውም ምንም አይደለም ብላ ደመደመች። ሙህዲን ደግሞ «ለምን ጠየቅሽኝ?» አላለም። ብዕሩን አንሥቶ እርማቱን ቀጠለ።

ወራት ሄዱ። ባቄላው ሎሚ አከለ ወይስ የዶሮ እንቁላል፣ ልነግራችሁ አልችልም፤ ብቻ አደገ።

ያወቀችው አንሻ ናት። እናቷ ወገቧን ቆረጠማትና ቅባት ልታሻት ቀሚሷን ስታወልቅላት አየችው። አንሻ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን ሬዲዮ አያመልጣትም፣ የገበያውም ወሬ አያመልጣትም። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ስልኩ ነው! ያ የተረገመ ስልክ ነው እማዬ! አንቺን ሲበላ ኖሯል!»

«ሙህዲን ምንም አያደርግም ብሎኛል።»

«ሙህዲን ጡት አለው?»

በዚያችው ቅጽበት ስልኩን ከእናቷ ደረት አወጣች። ሉባባ ለቅሶ ቀረሽ ሆና ለመነቻት። አንሻ አልሰማቻትም፣ ሰው የሚወደውን ሰው ሲያድን አይሰማም። በጭቅጭቁ መጨረሻ የተስማሙበት ስልኩ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ባለው ምስማር እንዲንጠለጠል፣ ድምፁም እስከ ጥግ እንዲከፈት ነው። አንሻ ፌጦና ማር ቀላቅላ ጓጉላው ላይ ታስርላት ጀመር። ስልኩ መጫኑን ሲተው ሉባባም «እውነትም ቀለል ብሎኛል» አለች። አንሻ አላህን አመሰገነች። ምክንያቱ ከተነሣ በሽታውም ራሱ ይሟሽሻል ብላ ጠበቀች። እሾህ ከወጣ ቁስሉ ይሽራል፤ ከዚህ በላይ ምን ማሰብ አለባት? ስለዚህ ጠበቀች። ሌሎች ወራትም ሄዱ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ወፍጮው እያጓራ፣ ሰው እህሉን ይዞ ተሰልፎ ሳለ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ስልክ ጮኸ። የሰማው የለም። ወፍጮው ቆሞ ሉባባ ዱቄቷን አራግፋ ስትወጣ የስልኩ መስተዋት ላይ የማታውቀው ቁጥር አየች። ወደ ኑርዬ ሱቅ ሮጠች። ኑርዬ አይቶ ፊቱ ተለወጠ። የውጭ አገር ቁጥር ነው።

መልሶ ደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አለች ያቺ የቴሌ ሴትዮ። ደጋግሞ ደወለ፣ በሁለተኛው ቀንም ደወለ፣ ያቺው ሴትዮ ናት። ቁጥሩም ዳግመኛ አልደወለም። ይማም ይሁን፣ የተሳሳተ ሰው ይሁን፣ ይኼን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።

ሉባባ ስልኳን ከምስማሩ አውርዳ ወደ ደረቷ መለሰችው። በላዩ ላይ መቀነቷን ሁለት ዙር ቋጠረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንሻ ጋር አልተነጋገረችም። አንሻ ምግብ ስታመጣላት ትቀበላታለች፣ ቀና ብላ ግን አታያትም።

አሁን ጓጉላው ቆዳውን ወጥሮ ወጥቷል። ሙህዲን ያን ጊዜ ነው የሰማው። ጥያቄዋ ትዝ አለው፤ ለምን እንደጠየቀችው ያን ጊዜ ገባው። ጨለመበት። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? አንሻ ላይ ጮኸ። «በአጉል እምነትሽ ገደልሻት!» አላት። እሷም ጮኸችበት። «እኔማ ማስወገዱን አስወግጄ ነበር፣ አንተ ነህ ምንም አያደርግም ብለህ ያስቀመጥህባት!» መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። መስጊድ ደጅ፣ መናኸሪያ፣ ሰርግ ቤት ሳይቀር ነገሩ ሁሉ ስልኩ ነው ስልኩ አይደለም ሆነ። ማማው ይነሣልን ብለው ለአቤቱታ ወደ ማዘጋጃ ቤት የወጡም ነበሩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏችኋል ይኼ ነው። እናትየዋ ቤት ውስጥ ጡቷን ይዛ ተቀምጣለች፣ ልጆቿና ጎረቤቶቿ ግን ደጅ ቆመው ጋራውን ያያሉ።

ሆስፒታል እንውሰድሽ ቢሏት አሻፈረኝ አለች። «ስልኬን ሊነጥቁኝ ነው። እዚያ ሲያስተኙ ልብስ እንኳ ያስወልቃሉ ይባላል። አንዴ ነጥቃችሁኝ ልጄ ደውሎ አጣኝ። ዳግመኛ አልሞኝም።» ሽማግሌ ላኩባት፣ እምቢ አለች። ሙህዲን ጉልበቷ ላይ ወደቀ፣ እምቢ አለች። አንሻን ፊቷንም አላሳየቻት።

ኑርዬ እስካሁን አልተናገረም። የመጨረሻ ልጅ ነው፣ ታላላቆቹ ሲጮሁ እሱ ዝም ይላል። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ይማምና እሱ ድምፃቸው አንድ ነው። ልጆች ሳሉ አባታቸው ሳይቀር በግድግዳ ማዶ ሲጣሩ ይለያቸው አልነበረም።

አዲስ ሲም አወጣ። ወፍጮው ያረፈበትን ሰዓት ጠብቆ ከሱቁ ጓዳ ገባና አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ደወለ። የሉባባ ደረት ተንቀጠቀጠ።

«እማዬ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«እማዬ፣ ይማም ነኝ። ደህና ነኝ። ስልክ ስላልነበረኝ ነው የጠፋሁብሽ፤ ይኼም የሰው ነው።»

«ይማምዬ! አለህ! የት ወደቅህብኝ አንተ!»

«ታመሻል አሉኝ። ሆስፒታል ካልሄድሽ አልመጣም። ታከሚና እመጣልሻለሁ።»

ሉባባ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማ እልል አለች። እህል ለማስፈጨት ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሴቶች እያለቀሱ ተቀበሏት። በማግሥቱ ነጠላዋን ለብሳ፣ ኑርዬን «ና ውሰደኝ፣ ወንድምህ አዞኛል» አለችው። ስልኳን ከደረቷ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «በቃ ሥራውን ጨርሷል፣ አንተ ያዘው» አለችው። ያ ሁሉ ሰው ታግሎ ያላስወጣውን ስልክ አንድ ውሸት በሁለት ደቂቃ አስወጣው።

ዶክተሯ መረመረቻት፣ ናሙና አስወሰደች፣ ሦስቱንም ልጆች ጠርታ አስቀመጠች። ካንሰር ነው፣ ወደ ጉበት ገብቷል፣ ጊዜው አልፏል አለቻቸው። ሙህዲን ሌላ ነገር መጠየቅ ሲገባው፣

«ከስልኩ ነው?» አላት።

ዶክተሯ ትክ ብላ አየችው። «የማንንም ሴት በሽታ ከምን እንደመጣ ለይቼ ልነግርህ አልችልም። ስልክ ይኼን እንደሚያመጣ ማስረጃ የለኝም። ዘግይቶ መምጣት እንደሚገድል ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ገና ትንሽ ሳለ ብታመጧት ምናልባት ዛሬ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።»

ወደ ቤቷ መለሷት። አንሻ ሌት ተቀን አጠበቻት፣ አገላበጠቻት። ሙህዲን ማስታገሻ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ተንከራተተ። ኑርዬ ስልኩን እቤት መልሶ፣ እየተደበቀ ይማም እየሆነ ይደውልላት ነበር፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የምትይዝላት አንሻ ናት፣ እሷም አላወቀችም። ሉባባ የሞተችው ፈገግ እንዳለች ነው። በመጨረሻ ቃሏ ሽማግሌውን ሸህ አወልን አስጠርታ እንዲህ አለቻቸው፦ «መቀነቴ የይማም ነው። ሁሉም ልጆቼ ወደዱኝ፤ ከደረቴ ላይ ድንጋዩን ያነሣልኝ ግን እሱ ነው። እስኪመጣ አስቀምጡለት።»

በሰደቃዋ ቀን ሸህ አወል መቀነቱን ምንጣፉ ላይ ዘርግተው ኑዛዜዋን ሲናገሩ ኑርዬ ተነሣ።

«ይማም የለም። ይማም እኔ ነበርኩ።»

ከዚያ ኑርዬ ሁሉንም ተናገረ። ሲጨርስ አንሻ እያለቀሰች ተነሣች።

«እኔ ጅል ነኝ፣ አላውቅም። ጓጉላውን ያየሁት ግን እኔ ነኝ። እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። የተማረው ሲያርም፣ እኔ አጠብኳት፣ አገላበጥኳት። ስታኮርፈኝ እንኳ አልራቅሁም። መቀነቱ የጦራት ከሆነ የእኔ ነው።»

ሙህዲን አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «እኔ አንዲት ቃል አልዋሸኋትም። በዚህ ቤት እናታችንን ያልዋሸ፣ ያላታለለ፣ በግድ ያልነጠቀ እኔ ብቻ ነኝ። እውነት ማንንም አይጠቅምም ከተባለ አልፈልገውም። ይጠቅማል ከተባለ ግን የእኔ ነው።»

ኑርዬ፣ «እኔ አልጠይቅም። ለይማም የሰጠችውን እንዴት እቀበላለሁ? ግን ሆስፒታል ያደረሳት የእኔ ድምፅ ነው። ያንን ደግሞ ለሌላ ሰው መስጠት አልችልም» አለ።

ያን ጊዜ አንሻ ወደ ኑርዬ ዞራ አንድ ነገር አለች፣ ነገሩን የባሰ ያከረረው እሱ ነው። «እናት የልጇን ድምፅ ትስታለች እንዴ? አውቃሃለች! አውቃህ ነው የሄደችልህ፤ የሚለምናትን ልጇን እምቢ ማለት አቅቷት ነው።»

ሸህ አወል ተጨነቁ። ካወቀችው መቀነቱን የሰጠችው ለኑርዬ ነው፣ ስሙን ግን ሸፈነችለት። ካላወቀችው ደግሞ የሰጠችው በሕይወት መኖሩ ለማይታወቅ ልጅ ነው፤ ያ ልጅ አንድ የገበያ ቀን ደውሎ ስልኩ ከምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ጠብቆት ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎቹ ሲማከሩ ዋሉ። አንዱ ለአንሻ ፈረደ፣ አንዱ ለሙህዲን፣ አንዱ ለኑርዬ፣ አንዱ «ይማም እስኪመጣ» አለ። ሸህ አወል መጨረሻ ላይ መቀነቱን አጣጥፈው ለማንም ሳይሰጡ ተነሡ። ዛሬ መቀነቱ ስልኩ ተንጠልጥሎበት በነበረው የወፍጮ ቤት ምስማር ላይ ነው። ስልኩን ልጆቿ ተራ በተራ ቻርጅ ያደርጉታል። ሲገናኙ ስለ ቻርጁ ብቻ ነው የሚነጋገሩት።

ይኼን ታሪክ በብዙ ቦታ ነግሬያለሁ። ነግሬ ስጨርስ መጀመሪያ የምሰማው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለመሆኑ ስልኩ ነበር?» ይሉኛል። ይኼኔ ያመኛል። ሴትዮዋ ስትሞት ልጆቿም የጠየቁት እሱን ነበር። ከአንሻ ጀምሮ እስከ ሙህዲን፣ ከመስጊድ ደጅ እስከ ማዘጋጃ ቤት፣ «ሉባባ፣ ምን ሆንሽ?» ብሎ ገና ባቄላ ሳለ የጠየቃት አንድ ሰው የለም።

እናንተ ግን አትቸኩሉ። ስልኩን ተዉትና መቀነቱን እዩት። ስልኩን በመንጠቅ ልታድናት ለሞከረችው፣ ወይስ እውነቱን ነግሮ ለምን እንደጠየቀችው ላልጠየቃት፣ ወይስ ዋሽቶ ላሳከማትና በደስታ ለሸኛት፣ ወይስ ባሕር ዳር ቆሞ «ስልክሽን እንዳትዘጊው» ላላት፦ የሉባባ መቀነት ለማን ይገባል?